ቀዩን ማን ቀባው?

«ዓይን ያላየውን ካሜራ አነሣ ማለት ማጭበርበር ነው።» ይህች ፍርድ በከተማችን የፎቶግራፍ ሰዎች መካከል ካንዱ ወዳንዱ ስትተላለፍ ከርማ፣ አሁን አሁን እንደ ሕግ መጠቀስ ጀምራለች። ጠቃሾቿ ተራ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ሰምቶ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን በጥቁር ክፍል ውስጥ ፊልም ሲያጥቡ ያረጁ፣ እኔን የመሰለው ጀማሪ ሁሉ ብዙ የተማረባቸው ሰዎች ናቸው። አላዋቂ የተናገረው እዚያው ይቀራል፤ እነሱ የተናገሩት ግን ነገ ሌላው ይደግመዋል። ስለዚህ መልስ ያስፈልገዋል።

ነገሩ እኔን እንደሚነካኝ አስቀድሜ ልናገር። ባለፈው ዓመት አንድ የፎቶግራፍ ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ ሁለት ፎቶዎች አስገብቼ ነበር። የአዘጋጆቹን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ጠቤ ከሐሳባቸው እንጂ ከሰዎቹ ጋር አይደለም። ፎቶዎቹ የኦሪዮን ኔቡላና ከእሱ በላይ ያለው የፈረስ ራስ ኔቡላ ናቸው፤ የተነሡትም በተሻሻለች ካሜራና በአንድ ዙም ሌንስ ነው። ሁለቱም ተመለሱ። የተሰጠኝ ምክንያት ባንድ መስመር የሚያልቅ ነበር፤ «ቀዩ የተቀባ ነው፤ ፎቶግራፍ አይደለም።» ተመሳሳይ ሥራ አስገብተው የነበሩ ሁለት ወጣቶችም ይኸው መልስ ደርሷቸዋል። የሚያስቀው ደግሞ ፎቶዎቼን ልረከብ በገባሁበት ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ከቀን መቁጠሪያው አጠገብ፣ ሐብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ያነሣው «የፍጥረት ዓምዶች» በትልቁ ታትሞ ተሰቅሏል። ስለዚያ ፎቶ ኋላ እመለስበታለሁ።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ኔቡላ በከዋክብት መካከል የተንጣለለ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። ከጋዙ እጅግ የሚበዛው ሃይድሮጅን ነው። በደመናው ውስጥ የተወለዱ ትኩስ ከዋክብት በአልትራ ቫዮሌት ጨረራቸው ሃይድሮጅኑን ሲመቱት ኤሌክትሮኑ ከአቶሙ ይላቀቃል፤ ተመልሶ ሲገባና ደረጃ በደረጃ ሲወርድ ብርሃን ይተፋል። ከሚተፋው ብርሃን መካከል ከሚታዩት ቀለሞች ዋነኛው ቀይ ነው። የሞገድ ርዝመቱም 656.3 ናኖ ሜትር ነው። ይህ ቁጥር የማንም አስተያየት አይደለም፤ በፊዚክስ ላቦራቶሪ ውስጥ የሃይድሮጅን ቱቦ ያበራ ተማሪ ሁሉ ያንኑ ቀይ መስመር ያገኘዋል።

«ታዲያ በቴሌስኮፕ ስናየው ለምን ግራጫ ሆነ?» ይሉኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው ግን ሰማይ ላይ ሳይሆን ዓይናችን ውስጥ ነው። በጨለማ የሚያዩት የዓይናችን ሕዋሳት ቀለም አይለዩም። ከሁሉ ይበልጥ የሚነቁትም ወደ 500 ናኖ ሜትር አካባቢ ላለው ሰማያዊ አረንጓዴ ብርሃን ነው፤ ለ656ቱ ቀይ ግን ዕውር ናቸው ማለት ይቻላል። መብራት በጠፋበት ምሽት የነጠላው ጥለት ቀይ ይሁን አረንጓዴ መለየት ያቃተው ሰው፣ ጥለቱ ቀለም የለውም ብሎ አይምልም። ሲነጋ ያየዋል። ኔቡላው ግን የሚነጋለት ነገር አይደለም። ከዚያ ምሽት የበለጠ ብርሃን የለውምና፣ ብርሃኑን ማጠራቀም የሚችል ዓይን ካልተሠራለት በቀር ቀለሙን ማንም ሊያይለት አይችልም።

አሁን ወደ ካሜራዋ። ከፋብሪካ የወጣች ዲጂታል ካሜራ ብርሃን ከሚቀበለው ሴንሰር ፊት ማጣሪያ ተደርጎላታል። ሴንሰሩ ለዓይን የማይታየውን ኢንፍራ ሬድ ጭምር ስለሚቀበል፣ ያ ካልታገደ የቀን ፎቶ ቀለሙ ይበላሻል። ማጣሪያው ግን ኢንፍራ ሬዱን ብቻ መርጦ አያስቀርም፤ ጥልቁንም ቀይ አብሮ ይቀንሰዋል። ከሃይድሮጅኑ ቀይ ብርሃን አልፎ ሴንሰሩ ዘንድ የሚደርሰው አንድ አራተኛ ያህሉ ብቻ ነው። ፋብሪካው ይህን ያደረገው በክፋት አይደለም፤ የሙሽራዋ ፊት የሙሽራ ፊት እንዲመስል ነው። ለሠርግ ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ለሰማይ ግን ከአራት ምስክሮች ሦስቱን በር ላይ እንደማስቀረት ይቆጠራል።

«የተሻሻለች ካሜራ» የምንላት ይህ ማጣሪያ የተለወጠላት ናት። የፋብሪካው ይነሣና፣ ኢንፍራ ሬዱን እየከለከለ ቀዩን የሚያሳልፍ ሌላ መስታወት በቦታው ይገባል። በቃ፣ ምስጢሩ ይኸው ነው። ውስጧ የተጨመረ ቀለም የለም፤ መስታወት ቀለም አይፈጥርም፤ ወይ ያሳልፋል ወይ ይከለክላል። እንዲያውም ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ይህንኑ ሠርተው ሸጠዋል። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2005 «20ዲኤ» የተባለችውን፣ በ2012 «60ዲኤ»ን፣ በ2019 ደግሞ «አርኤ»ን፤ ኒኮንም በ2015 «ዲ810ኤ»ን ለዚሁ የሰማይ ሥራ አውጥተዋል። እነዚህ ድርጅቶች ማጭበርበሪያ መሣሪያ በካርቶን አሽገው ለገበያ አቀረቡ የሚል ካለ በግልጽ ይናገር።

እዚህ ላይ ከባለ ጥቁር ክፍሎቹ መምህሮቻችን ጋር ትንሽ ላውጋ። እናንተ በቀይ አምፖል ሥር የሠራችሁት ለምን ነበር? የጥቁርና ነጭ ወረቀቱ ለቀይ ብርሃን ዕውር ስለሆነ አይደለም እንዴ? ቀይ የማያየው የድሮው ፊልም ቀይ ከንፈርን ጥቁር አድርጎ ሲያሳይ፣ የሴትየዋ ከንፈር ጥቁር ነው ያለ ሰው ነበረ? ለመሆኑስ ዓለምን በጥቁርና በነጭ ያየ ዓይን የት አለ? ከማጉያው ሥር እጃችሁን በብርሃኑ መካከል እያወዛወዛችሁ ሰማዩን አጨለማችሁ፤ የሽማግሌውን ፊት አፈካችሁ። ያንን ጥበብ አላችሁት፤ ጥበብም ነበር። የእኔ ትውልድ ያንኑ በኮምፒውተር ሲሠራው ስሙ ወደ ማጭበርበር የሚለወጥበት ምክንያት አልገባኝም።

«ዓይን ያላየውን» የሚለው ክስ ደግሞ የዘገየ ክስ ነው፤ ከመቶ አርባ ዓመት በላይ ዘግይቷል። (ከዚህ በታች ያሉትንም ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ሔንሪ ድሬፐር የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም የኦሪዮንን ኔቡላ ለመጀመሪያ ጊዜ በፎቶግራፍ ያነሣው ሴፕቴምበር 30 ቀን 1880 ነው፤ መስታወቱን ለ51 ደቂቃ ከፍቶ። በ1883 እንግሊዛዊው አንድሩ ኮመን 91 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቴሌስኮፑ ያንኑ ኔቡላ አነሣ። በዚያ ፎቶ ላይ የትኛውም ዓይን በየትኛውም ቴሌስኮፕ ያላያቸው ከዋክብት ታዩ። የንጉሣዊው የአስትሮኖሚ ማኅበር «አጭበርባሪ» አላለውም፤ በማግስቱ ዓመት የወርቅ ሜዳሊያውን ሸለመው።

ከዚህ ሁሉ ልቤን የሚነካው ግን የዊሊያሚና ፍሌሚንግ ታሪክ ነው። ስኮትላንድ ተወልዳ አሜሪካ የገባች፣ ባሏ ነፍሰ ጡር ሆና ጥሏት የሄደ ሴት ናት። የሐርቫርድ ኮሌጅ የሰማይ መመልከቻ ዲሬክተር በነበረው በኤድዋርድ ፒከሪንግ ቤት የቤት ሠራተኛ ሆና ገባች። ኋላ ፒከሪንግ ወደ መሥሪያ ቤቱ ወሰዳትና የፎቶግራፍ መስታወቶችን እየመረመረች እንድትመዘግብ አደረጋት። በ1888 ከተነሣ አንድ መስታወት ላይ፣ በብሩህ ኔቡላ መካከል ጥቁር ሆኖ የገባ አንድ ቅርጽ አየች፤ ዛሬ የፈረስ ራስ የምንለውን። በቴሌስኮፕ ፈልጎ ያገኘው ሰው አልነበረም፤ በዓይን ማየቱ ዛሬም እጅግ አስቸጋሪ ነው። የተገኘው መስታወት ላይ ነው፤ ያገኘችውም እሷ ናት። በኋላ ዝርዝሩ በታተመ ጊዜ ግን ግኝቱ የተመዘገበው በፒከሪንግ ስም ነበር። የአዘጋጆቹ ሕግ በዚያን ጊዜ ቢሠራ ኖሮ፣ ዓይን አላየውምና የፈረስ ራስ ኔቡላ ጭራሹኑ የለም ማለት ነበር።

ሌላም ክስ አለ፤ ይኸኛው ሌንሱን የሚመለከት ነው። «በኳስ ሜዳ ሌንስ ሥነ ፈለክ የለም» ይላሉ፤ ቴሌስኮፕ የሌለው ሰው አርፎ ይቀመጥ ለማለት ነው። ለዚህ የኤድዋርድ ባርናርድን ስም መጥራት ይበቃል። ናሽቪል ውስጥ በድህነት ያደገ፣ ትምህርት ቤት የተቀመጠው ለጥቂት ወራት ብቻ የሆነ፣ ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ በፎቶ ቤት ተቀጥሮ የሠራ ልጅ ነበር። ይህ ሰው አድጎ ሊክ የተባለው የሰማይ መመልከቻ ሲገባ፣ በዚያን ጊዜ ከዓለም ትልቁ የሆነው ቴሌስኮፕ እዚያው ነበረ። ፍኖተ ሐሊብን ለማንሣት የመረጠው ግን የቁም ፎቶ ማንሻ የነበረን አሮጌ ሌንስ ነው፤ ዳያሜትሩ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትልቁ ቴሌስኮፕ የሚያሳየው የሰማይን ቁራጭ ነው፤ ደመናዎቹ ግን ሰፊዎች ናቸው። የእኔዋ ዙም 200 ሚሊ ሜትር ላይ ስትሆን፣ በትንሹ ሴንሰር ላይ ስድስት ዲግሪ በአራት ዲግሪ ያህል ሰማይ ትይዛለች። ሙሉ ጨረቃ ግማሽ ዲግሪ ናትና አሥራ ሁለት ጨረቃ በርዝመቱ ይሰለፋል። የኦሪዮን መቀነትና ሰይፉ አብረው የሚገቡት በዚህ ስፋት ነው። እሷኑ ወደ 70 ሲመልሷት ደግሞ መቀነቱን ከምሥራቅ በኩል የሚከበው ትልቁ ቀይ ቅስት ይመጣል፤ ስሙም የባርናርድ ቅስት ይባላል። ባልተሻሻለች ካሜራ ይህ ቅስት እንደ ጥላ እንኳ በጭንቅ ነው የሚታየው።

እስቲ አሁን «ቀባህ» የተባልኩትን እንዴት እንደሠራሁት ልናገር፤ ፈራጅ ቢያንስ ሥራውን ማወቅ አለበትና። ካሜራዋ ከአንድ ሠርግ አንሺ በሁለተኛ እጅ የገዛኋት፣ ዕድሜዋ ከአሥር ዓመት ያለፈ ካኖን ናት። መተኪያውን መስታወት የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ለገና ሲመጣ ከመጽሐፍ መካከል አድርጎ አመጣልኝ። የለወጠልኝ አንድ ትዕግሥተኛ የካሜራ ጠጋኝ ነው፤ ብሎኖቹን በነጭ ወረቀት ላይ ተራ በተራ እየደረደረ ግማሽ ቀን ፈጀበት። ከዚያ በኋላ ቀን ላይ ሰው ያነሣሁባት እንደሆነ ሁሉም በርበሬ ሲቀነጥስ የዋለ ይመስላል። ለሠርግ አከተመላት።

በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሳምንት፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብዬ ገበሬ ማሳ ዳር ተተከልኩ። በዚያ ወቅት ኦሪዮን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ አናት ላይ ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል። ሌንሱ ወደ ላይ ሲቀና በራሱ ክብደት እየተንሸራተተ ከ200 ወደ 180 ይወርዳል። ስለዚህ ዙሙንም የጥራት ቀለበቱንም በፕላስተር አሠርኳቸው። ምድር ትዞራለችና ካሜራው ካልተከተለ ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ይቀርና ክር ይሆናል፤ በ200 ሚሊ ሜትር ሁለት ሴኮንድ እንኳ ብዙ ነው። ለዚህ ከትራይፖዱ ላይ የሚቀመጥ፣ ከሰማይ ጋር እኩል የሚዞር ትንሽ ሞተር አለ። ሞተሩ ወደ ሰሜን ኮከብ መነጣጠር አለበት። በእኛ አገር የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ዘጠኝ ዲግሪ ያህል ብቻ ናት፤ ከእንጦጦ ግርጌ ላለ ሰው ጋራውና ባሕር ዛፉ ይጋርዷታል። እዚያ ገላጣ ሜዳ ላይ ግን አገኘኋት። ውርጩ ጣት ይቆርጣል።

በሁለት ሌሊት 180 ፎቶ አነሣሁ፤ እያንዳንዱ 60 ሴኮንድ፣ ጠቅላላው ሦስት ሰዓት። የኔቡላው እምብርት እጅግ ብሩህ ስለሆነ ለእሱ ብቻ የ5 ሴኮንድ ፎቶዎችም ጨመርኩ። ቀጥሎ የሌንሱን ክዳን ገጥሜ፣ በዚያው ብርድ፣ በዚያው ርዝመት፣ የጨለማ ፎቶዎች አነሣሁ። ይህቺን ልብ በሉልኝ። ክዳኑ በተገጠመበት ጊዜም ሴንሰሩ ዝም አይልም፤ ከራሱ ሙቀት የተነሣ የውሸት ነጥቦች ይመዘግባል። የጨለማው ፎቶ እነዚህን ነጥቦች ለይቶ ያሳያልና ከእውነተኛው ላይ ይቀነሳሉ። 180ዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው አማካያቸው ሲወሰድ ደግሞ የዘፈቀደው ዝብርቅ ከአሥር እጥፍ በላይ ይቀንሳል፤ እዚያው የሚቆየው በሁሉም ላይ የተገኘው ብርሃን ብቻ ነው። አውሮፕላን በአንዱ ፎቶ ላይ መስመር ቢያሰምር በ179ኙ ላይ የለምና ይወገዳል። ይህንን የሚሠራው ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ ነው። እንግዲህ «ኮምፒውተር የፈጠረው» የሚባለው ይህ ነው፤ ኮምፒውተሩ የሠራው ካሜራዋ ከራሷ የፈጠረችውን ማስወገድ ሆኖ ሳለ።

ከዚያ በኋላ ደብዛዛውን አፍክቻለሁ፤ ይህንን አልደብቅም። ያፈካሁት ግን ፎቶውን በሙሉ ባንድ ሕግ ነው እንጂ አንድን ቦታ መርጬ ብሩሽ አላሳረፍኩም። ማስረጃውም እዚያው ፎቶው ላይ ነው። ነጮቹ ከዋክብት ነጭ እንደሆኑ ናቸው። ከትልቁ ኔቡላ ጥቂት ወደ ሰሜን ሌላ ደመና አለ፤ የዚህ አብዛኛው ብርሃን ከራሱ የሚወጣ ሳይሆን የአጠገቡን ከዋክብት ብርሃን አቧራው መልሶ የሚያንጸባርቀው ነው። ስለዚህ ሰማያዊ ነው፤ በእኔም ፎቶ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ወጥቷል። በዚያው ካሜራ፣ በዚያው ደቂቃ፣ በዚያው መስታወት ውስጥ አልፎ። ቀዩን እኔ ቀብቼው ከሆነ ሰማያዊውን ማን ቀባው?

ወደዚያ ግድግዳ ላይ ወደ ተሰቀለው ልመለስ። «የፍጥረት ዓምዶች» በ1995 በሐብል የተነሣ ድንቅ ሥራ ነው፤ ክብሩን ልነካ አልፈልግም። ነገር ግን በዚያ ፎቶ ላይ የሰልፈር ብርሃን ቀይ፣ የሃይድሮጅኑ አረንጓዴ፣ የኦክስጅኑ ሰማያዊ እንዲሆን የመደቡት ሳይንቲስቶቹ ናቸው። ሰልፈሩም ሃይድሮጅኑም በተፈጥሯቸው ቀይ ስለሆኑ አንዱን ከሌላው ለመለየት ሲባል የተደረገ ነው። አድራጊዎቹም ይህንኑ በግልጽ ተናግረዋል፤ ስለዚህ ውሸት የለበትም። ግን እንግዲህ ፍርዱን አስተያዩት። ሃይድሮጅን በራሱ ቀለም፣ ቀይ ሆኖ፣ ከደብረ ብርሃን ማሳ ሲመጣ «የተቀባ» ይባላል። ያው ሃይድሮጅን አረንጓዴ ልብስ ለብሶ ከውጭ አገር ሲመጣ በመስታወት ተለብጦ ይሰቀላል። ከዚህ የቀለም ክርክር በስተጀርባ ያለው ነገር ይህ ይመስለኛል። ይህን ሥራ የእኛ ሰው ይሠራዋል ብሎ ማመን አቃተን።

ውሸት ፎቶ የለም እያልኩ አይደለም፤ ሞልቷል። አንድ ቦታ የተነሣ ኔቡላ ከላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ በላይ ተለጥፎ፣ መለጠፉ ሳይነገር ሲቀርብ ውሸት ነው። ካሜራው ያልመዘገበውን የጨረቃ ሸካራነት ከራሱ የሚሞላ ስልክ አለ፤ እሱም ውሸት ነው። ዓረፍተ ነገር ጽፈውለት ኔቡላ የሚሥል ማሽን መጥቷል። ከዚያ ላይ አንዲት የብርሃን ቅንጣት ከሰማይ አልመጣችም፤ ሥዕል ነው ቢባል ግን ማንም አይጣላውም። ለዳኞች የሚገባው ጥያቄ እንግዲህ «ዓይን አየው ወይ?» ሳይሆን «ብርሃኑ መጣ ወይ? ያደረግኸውንስ ተናገርክ ወይ?» ነው። የእኔ ብርሃን መጥቷል። ከኦሪዮን የተነሣው ከ1,340 ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ የአክሱም መንግሥት እየተዳከመ በነበረበት ዘመን መሆኑ ነው። ያን ያህል መንገድ የመጣ እንግዳ በር ላይ ሲመለስ ያሳዝናል።

«ዳቦ ሳይኖር ኔቡላ» የሚሉትን በአጭሩ አልፋቸዋለሁ። ላም አለኝ በሰማይ እያሉ ሊቀልዱብኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ ለእኔም ይስቀኛል። ነገር ግን ስለ ግጥም፣ ስለ ቲያትርና ስለ እግር ኳስ ይህን ጥያቄ አይጠይቁም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና በላሊበላ ሰማይ ላይ ስትታይ ዳቦ ያለውም የሌለውም ቀና ብሎ አይቷል።

በዚህ ላይ የቦታችን ዕድል አለ። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመሩ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ ከሥራቸው ግን አዲስ አበባ ታበራለች። ከከተማ ወጣ ላለና ዙም ሌንስ ለያዘ ሰው ያለው ሰማይ ደግሞ ሌላ ነው። የኒው ዮርክ ሰው ኦሪዮንን ያያል፤ በስተደቡብ ያለውን የካሪና ኔቡላ ግን ከቤቱ ሆኖ ዕድሜውን ሙሉ አያየውም፤ ከአድማሱ በታች ነውና። ከኦሪዮን ኔቡላ ይልቅ ሰፊም ብሩህም እሱ ነው። ለእኛ ሁለቱም ይወጣሉ። በእርግጥ ክረምቱ ዋጋ ያስከፍለናል። የፍኖተ ሐሊብ እምብርት ሌሊቱን ሙሉ በሚታይበት በሰኔና በሐምሌ እኛ ዝናብ ሥር ነን፤ ያንን ለማግኘት በመጋቢት ጎሕ ሳይቀድ መነሣት ያስፈልጋል።

ከአዘጋጆቹ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ለሚቀጥለው ኤግዚቢሽን በሚያወጡት ደንብ ላይ «ዓይን ያየውን» የምትለዋን ሐረግ ያውጡ፤ በቦታዋም አቅራቢው ሌንሱን፣ የፎቶዎቹን ብዛትና በኮምፒውተር ያደረገውን ሁሉ ከፎቶው ሥር እንዲጽፍ ያስገድዱ። 180ዎቹንም ጥሬ ፎቶዎች፣ ጨለማዎቹን ጨምሮ፣ ላሳያቸው ዝግጁ ነኝ። ከዚህ በላይ ማየት የሚፈልግ ዳኛ ካለ በመጋቢት መጨረሻ ከመቂ ወዲያ እወርዳለሁ፤ ካሪና ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ከደቡብ አድማስ ሃያ ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትቆማለች። መኪናው ውስጥ የሁለት ሰው ቦታ አለ። ሻይ በፔርሙስ እኔ እይዛለሁ፤ ጋቢ ግን ሁሉም የየራሱን ይያዝ።